ከ501 ወደ ዜሮ፦ በሁለቱ ገናዎች መካከል



እኛ ቤት፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት፣ ገና በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ዲሴምበር 25 ነው፤ ልጆቹ ስጦታ ይከፍታሉ። ሁለተኛው ጃንዋሪ 7 ነው፤ ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀናት ግን ሬስቶራንት ላለው ሰው ጭር ያሉ ናቸው። ጾም ስለሆነ ክትፎ የሚያዝ ጥቂት ነው። በያይነቱ በልቶ የሚሄደው ደንበኛ ደግሞ ከምሳ በኋላ ብዙ አይቆይም። እዚህ አትላንታ ከቀኑ 2 ሰዓት ሲሆን (የአሜሪካኑን ሰዓት ነው የምላችሁ) ወንበሮቼ ባዶ ይሆናሉ።

በዚያው ሰዓት ለንደን ላይ ከምሽቱ 7 ነው። እኔም ቡናዬን ይዤ ቁጭ እልና ቴሌቪዥኑን ወደዚያ አዞረዋለሁ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው መስመር ላይ ቆሞ፣ ትንንሽ ቀስቶችን ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ክብ ሰሌዳ ይወረውራል። የዓለም የዳርት ሻምፒዮና ነው።

«አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ የቢራ ቤት ጨዋታ!» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የቢራ ቤት ጨዋታ ነው። ነገር ግን ይህ የቢራ ቤት ጨዋታ በእኔ ቤት አያትንና የልጅ ልጅን አነጋግሯል። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሱ ላጫውታችሁ። ልጆችዬ፣ እናንተም አንብቡ፤ ካስቸገራችሁ እማዬን ወይ አባዬን አስነብቧቸው። መጨረሻው ላይ ለእናንተ ያስቀመጥኩት ጥያቄ አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።)

«ዲዳ ሆኛለሁ»

እናቴ በ2023 ከመስቀል በኋላ ከአዲስ አበባ መጣች። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነበር! ኤርፖርት አበባ ይዘን ጠበቅናት፣ አለቀስን፣ ተሳሳምን። ልጄ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። «ሃይ እማማ» ብሎ አቀፋትና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

እኔ የቀረውን ጊዜው ያመጣዋል ብዬ ነበር። ጊዜው ግን ብቻውን ምንም አላመጣም። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ምጣዱ ይጠብቃል፣ ማድቤቱ ይጠብቃል፣ አስተናጋጅ ትቀራለች። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ልጄ አማርኛ ይሰማል ይባላል እንጂ «ና ብላ» እና «በሩን ዝጋ» ከሚለው ብዙም አያልፍም ነበር። ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ መቁጠሪያዋን እሱ ስልኩን ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገሩ ይውላሉ።

ሁለት ወር እንደሞላት አንድ ማታ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ቲኬቱን አሳጥሪውና መልሺኝ» አለችኝ። «ምነው እማዬ፣ ምን አጎደልንብሽ?» አልኳት። «ምንም አላጎደላችሁም። ግን እዚህ ቤት ዲዳ ሆኛለሁ» አለች።

እመኑኝ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል የወጋኝ የለም። ልጁን አማርኛ ያላስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲወለድ «ትምህርት ቤት እንዳይቸገር» ብዬ በእንግሊዝኛ ነው ያሳደግኩት። በኋላ ደግሞ «ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምረዋለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ግን ለሬስቶራንት ትልቁ የሥራ ቀን ነው። የእኔን ቤት ነው የነገርኳችሁ፤ የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ ቤት ብቻዋን እንዳትቀር ብዬ ወደ ሬስቶራንቱ ይዣት ሄድኩ። ልጁም ከትምህርት ቤት እዚያው መጣ። ሬስቶራንቱን ስከራየው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቢራ ቤት አድርጎት ነበርና፣ በስተኋላ ያለችው ክፍል ግድግዳ ላይ የዳርት ሰሌዳ ትቶ ሄዷል። ለዓመታት እጥለዋለሁ እያልኩ አልጣልኩትም፤ ከፊቱ የሽንኩርት ጆንያ ነበር የምደረድረው።

እናቴ ሽንኩርት ልትልጥ ወደዚያ ገባችና ቆም አለች። «ይሄ የአባትሽ ጨዋታ አይደለም እንዴ?» አለች።

የአባቴ ጨዋታ

እውነትም የአባቴ ጨዋታ ነበር። አባቴ አቃቂ አካባቢ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሠራተኞች ክበብ ሲሄድ አንዳንዴ እኔን ያስከትለኛል። ክበቡ ውስጥ ከረምቦላ አለ፣ ዳማ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዳርት አለ። እኔ ሚሪንዳዬን እየጠጣሁ መሬት የወደቁትን ቀስቶች እየለቀምኩ አቀብል ነበር። አባቴ ሲያሸንፍ ድምፅ አያሰማም። ኮቱን ለብሶ «በይ እንሂድ» ይለኛል፣ በቃ።

ዳርት ወደ አገራችን የገባው በዚህ በኩል ነው፤ በክበብና በመዝናኛ። ዛሬም ድረስ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ የምንለው፣ በየዓመቱ በሚያካሂደው የሠራተኞች የስፖርት ውድድር ውስጥ ከእግር ኳሱ፣ ከመረብ ኳሱና ከገመድ ጉተታው ጎን ዳርት አለ። የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ለዋንጫ ይወረውራሉ። ስለዚህ «የፈረንጅ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ውርወራማ ለእኛ አዲስ አይደለም። በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ጉግስ ያየ ሰው ያውቃል። ፈረሰኛው በሙሉ ግልቢያ ላይ ሆኖ ዘንጉን ይወረውራል፤ ፊት ለፊት ያለው በጋሻው ይመክታል። ልዩነቱ ዳርት ላይ የሚሸሽም የሚመክትም የለም። ሰሌዳው ቆሞ ይጠብቃችኋል። የምትታገሉት ከራሳችሁ እጅ ጋር ነው።

ከቃጫ የተሠራ ሰሌዳ

ጨዋታው ያደገው በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ነው። ድሮ ሰሌዳው እንጨት ነበር። እንጨት ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ማታ ማታ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈው ነበር። በ1930ዎቹ ግን የተሻለ መላ ተገኘ። ምን መሰላችሁ? ቃጫ! ያ እናቶቻችን ገመድ የሚገዙበት፣ ጆንያ የሚሰፋበት ቃጫ። የቃጫውን ጭረት በጣም አጥብቆ ጠቅልሎ በማሰር ሰሌዳ ይሠራል። ቀስቱ ሲገባ ጭረቶቹ ገለል ይላሉ፣ ሲወጣ ተመልሰው ይገጥማሉ። ቀዳዳ አይቀርም። ዛሬ ብዙዎቹ ጥሩ ሰሌዳዎች የሚሠሩት ከምሥራቅ አፍሪካ ቃጫ ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሚመረቱም አሉ። እንግሊዞች የእኛን ጎረቤት ቃጫ ነው ሲወጉ የሚያመሹት ማለት ነው።

እንግሊዞች ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ወግ አላቸው። በ1908 ሊድስ በምትባል ከተማ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት «ቁማር ታጫውታለህ» ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ ይላሉ። ዕድል የሚወስነው ጨዋታ በመጠጥ ቤት ክልክል ነበርና። እሱም ሰሌዳውን ፍርድ ቤት ይዞ ሄደ። አንድ ጎበዝ ተጫዋች አስነሥቶ «20 ላይ ወርውር» አለው፤ ሰውየው ሦስቱንም እዚያው ሰካቸው። ከዚያ የፍርድ ቤቱ ሰው እንዲሞክር ተጠየቀ፣ አልቻለም። «ይህ ዕድል ሳይሆን ችሎታ ነው» ተብሎ ክሱ ተዘጋ ይባላል። ወግ ነው፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ። ግን ሰሌዳውን ራሳችሁ ስትሞክሩት ነገሩ ልክ መሆኑን ታያላችሁ።

ቁጥሮቹ እንዴት እንደተደረደሩ ተመልከቱ። 20 በስተግራው 5፣ በስተቀኙ 1 ነው ያለው። 19 ደግሞ በ3 እና በ7 መካከል ነው። ትልቁን ፈልጎ ትንሽ የሳተ ትንሹን ይቀምሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

የሕዝቡ ቤተ መንግሥት

አሁን ወደ ሻምፒዮናው እንምጣ። የመጀመሪያው የዓለም የዳርት ሻምፒዮና በ1978 ኖቲንግሃም ተካሄደ፤ ሌይተን ሪስ የሚባል የዌልስ ሰው አሸነፈ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹና ማኅበሩ ተጣሉና ትልልቆቹ ተጫዋቾች ወጥተው የራሳቸውን ውድድር በ1994 ጀመሩ። (ማኅበር ለሁለት መከፈል የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር አይደል!) ዛሬ ዓለም የሚያየው ይህንኛውን ነው። ከ2008 ጀምሮ የሚካሄደው ሰሜን ለንደን ኮረብታ ላይ በተሠራው አሌክሳንድራ ፓላስ ውስጥ ነው።

የዚህ ቤት ታሪክ ራሱ ይገርማል። በ1873 ለሕዝብ መዝናኛ ተብሎ ተከፈተ፣ በ16ኛው ቀን ተቃጠለ፣ በ1875 እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። በ1936 ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ከዚያ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከቤልጅየም የሸሹ ስደተኞች የተጠለሉት እዚያ ነበር። ዛሬ ሰው አስቂኝ ልብስ ለብሶ የሚዘፍንበት አዳራሽ ያኔ ፍራሽ ተነጥፎበት ነበር። ይህንን ክላርክስተንና ዲኬተር ያለን ሰዎች ስንሰማ ትርጉሙ ይገባናል።

ተጫዋቾቹም አብዛኞቹ የሠራተኛ ልጆች ናቸው። ፊል ቴይለር የሴራሚክ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኤሪክ ብሪስቶ ችሎታውን አየና በገንዘብ ደገፈው። በ1990 ቴይለር ለዋንጫ ደረሰ። ፊት ለፊቱ የቆመው ማን ነበር? ራሱ ብሪስቶ! ቴይለር 6 ለ 1 አሸነፈው። ከዚያ በኋላ በጠቅላላው 16 የዓለም ዋንጫ ወሰደ። እስካሁን ማንም አልደረሰበትም።

ሴቶች ልጆች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው፦ በዲሴምበር 2019 ፋለን ሸሮክ የምትባል ሴት በዚህ ሻምፒዮና ወንድ ተጋጣሚዋን 3 ለ 2 አሸነፈች። በዚያ መድረክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ቀጥላ ኦስትሪያዊውን መንሱር ሱልዮቪችን ደገመችው። አዳራሹ ያን ቀን ሊፈርስ ነበር።

የአፍሪካ ልጅም አለ። በዲሴምበር 2025 ዴቪድ ሙንዩዋ የሚባል ኬንያዊ የእንስሳት ሐኪም ለአገሩ የመጀመሪያው ሆኖ እዚያ መድረክ ላይ ወጣ። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ቤልጅየማዊው ማይክ ደ ዴከር 2 ለ 0 መርቶት ነበር። ሙንዩዋ ግን ተመልሶ 3 ለ 2 አሸነፈ። ቃጫው ከኬንያ፣ ወርዋሪውም ከኬንያ! እኔ ሬስቶራንቱ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

ያ የ16 ዓመት ልጅ

ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ። እናቴ ሰሌዳውን ካየች በኋላ የሽንኩርቱን ጆንያ አነሣንለት። ልጄ ሦስት ቀስት ወረወረ። አንዱ 20፣ አንዱ 5፣ አንዱ 1 ላይ አረፈ። 26 ማለት ነው። ጨዋታው ከ501 ይጀምራል፤ ያገኛችሁትን እየቀነሳችሁ ወደ ዜሮ ነው የምትወርዱት። ልጁ ለመቀነስ ስልኩን አወጣ። እናቴ ግን ቢላዋዋን እንደያዘች «አራት መቶ ሰባ አምስት» አለች።

ልጁ በስልኩ አስልቶ ቀና ብሎ አያት። ልክ ነበረች።

እናቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ግን አባታችን ካረፈ በኋላ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች አምስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ሒሳብ ለእሷ የሚጻፍ ነገር አይደለም። «How did she do that?» አለኝ ልጄ። «እሷን ጠይቃት» አልኩት።

ሌላ አስተማሪ አላስፈለገም። እናቴ ሕግ አወጣች፦ ቁጥሩን በአማርኛ ያልተናገረ ቀስቱን አያነሣም። መጀመሪያ ላይ «አራት መቶ... አርባ... አንድ» እያለ ያምጥ ነበር። በሳምንቱ «ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት» ብሎ ሳይደናቀፍ አለ። ከዚያ ቁጥሩ ሌላ ቃል ጎተተ። «ወደ ግራ»፣ «ዝቅ አድርገህ»፣ «አትቸኩል»፣ «አይዞህ»፣ «ተራሽ ነው እማማ»። አዎ፣ እሷም ወርውራለች! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ።

የዚያ ዓመት ሻምፒዮና በመካከሉ ደረሰ። ሉክ ሊትለር የሚባል ገና 16 ዓመቱ የሆነ ልጅ አንዱን ከሌላው እያሸነፈ ለዋንጫ ደረሰ። ጨዋታ ሲያልቅ ከባብ እበላለሁ የሚል ልጅ! ልጄ እኮ አራት ዓመት ብቻ ነው የሚያንሰው። ጃንዋሪ 3 ቀን 2024 እናቴ፣ ልጄ፣ እኔና ሁለት አስተናጋጆች ባዶው ሬስቶራንት ውስጥ ተደርድረን አየን። ልጁ በሉክ ሃምፍሪስ 7 ለ 4 ተሸነፈ። ልጄ ሊያለቅስ ደረሰ። እናቴ «ተመልከተው፣ ተሸንፎም ፈገግ ብሎ እጁን ጨበጠው። ይህ ልጅ ይመለሳል» አለችው። እኔ ለማስተርጎም አፌን ስከፍት ልጄ «ገብቶኛል» አለኝ። በአማርኛ።

ሊትለር በዓመቱ ተመለሰ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 ማይክል ቫን ገርወንን 7 ለ 3 አሸንፎ በ17 ዓመቱ በታሪክ ትንሹ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሽልማቱም 500,000 ፓውንድ ነበር። በ2026ም ደገመው፤ ያኔ ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ 128፣ የአሸናፊው ሽልማት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ነበር።

«የመጠጥ ቤት ጨዋታ ለልጅ?»

ይህን የሚጠይቀኝ ወላጅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። እኔም አልዋሽም። ለንደን አዳራሹ ውስጥ ቢራ እንደ ውኃ ይጠጣል፣ ጩኸቱም ለብቻው ነው። ብዙ ጊዜ ድምፁን ቀንሼ ነው የማየው። የኋላ ክፍሌን በተመለከተ ደግሞ አንድ ሕግ አለኝ፦ ልጆች በሚጫወቱበት ሰዓት መጠጥ እዚያ አይገባም። ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ። ውርርድም የለም፣ በአምስት ሳንቲምም ቢሆን።

ጨዋታ ግን የትም ይወለድ፣ ዋናው ማን ምን አደረገበት ነው። የእኛም ከረምቦላ የት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ትከሻ ለትከሻ ከትልቅ ሰው ጋር ቆሞ፣ ተራ ጠብቆ፣ ሒሳብ ሠርቶ፣ ተሸንፎ እጅ ጨብጦ ከወጣ፣ እኔ ቅር አይለኝም።

ቤት ውስጥ ለመጀመር

መሞከር ለምትፈልጉ መለኪያውን ልንገራችሁ። የሰሌዳው መሃል፣ ቡል የሚባለው፣ ከወለሉ 5 ጫማ ከ8 ኢንች ከፍ ይላል፤ 1.73 ሜትር መሆኑ ነው። ወርዋሪው የሚቆምበት መስመር ከሰሌዳው ፊት 7 ጫማ ከ9 ኢንች ከሩብ ይርቃል፤ 2.37 ሜትር። ለልጆች ግን ቀረብ አድርጉት፣ ማንም አይከሳችሁም።

ትንንሽ ልጆች ካሉ ብረት ጫፍ ያለውን ቀስት አትግዙ። ማግኔት ያለው አለ፤ ሊትለርም ገና በሕፃንነቱ የጀመረው በማግኔት ሰሌዳ ነው። የብረቱን የሚጠቀሙ ልጆች አጠገብ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይቁም፤ አንዱ ሲወረውር ሌላው ከመስመሩ ኋላ ይሁን። በር ወይም መተላለፊያ አጠገብ አትስቀሉት። የተከራያችሁት ቤት ከሆነ ከሰሌዳው ጀርባ ወፍራም ካርቶን ወይ ጣውላ አድርጉ፤ አለበለዚያ ግድግዳውን ከዲፖዚታችሁ ላይ ትከፍሉታላችሁ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው በተራው ሦስት ቀስት ይወረውራል። ጠባቡ የውጭ ቀለበት ደብል ነው፣ ቁጥሩን በሁለት ያባዛል። ጠባቡ የመሃል ቀለበት ትሪፕል ነው፣ በሦስት ያባዛል። የትሪፕል 20 ዋጋ 60 ስለሆነ በሦስት ቀስት የሚገኘው ትልቁ ውጤት 180 ነው። የመሃሏ ቀይ ነጥብ 50 ናት፤ እሷም እንደ ደብል ትቆጠራለች። ለመጨረስ ልክ ዜሮ ላይ ማረፍ አለባችሁ፣ የመጨረሻዋም ቀስት ደብል ላይ መሆን አለባት። ከዜሮ ካለፋችሁ ወይም 1 ከቀራችሁ የዚያ ተራ ውርወራ ሁሉ ይሰረዛል።

ባለሙያዎቹ 32 ማስቀረት ይወዳሉ። ደብል 16 ከመቱ ያበቃል። ትንሽ ስተው ተራውን 16 ቢመቱ ደግሞ 16 ይቀራል፣ ደብል 8 ይፈልጋሉ። ቀጥሎ 8፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2። እናቴ ይህን ስነግራት «እንደ ቲማቲም መደብ ነዋ! ለሁለት ትከፍይዋለሽ፣ ደግሞ ለሁለት» አለች።

ዛሬስ?

እናቴ ስድስት ወሯን ጨርሳ በ2024 ሚያዝያ ሊገባ ሲል ተመለሰች። ቲኬቱን አላሳጠርኩትም። በመጨረሻው ማታ ሻንጣዋ በር ላይ ቆሞ ሁለቱ ሲጫወቱ ነበር። ልጄ 32 ቀረው። ወረወረ፣ ተራው 16 ላይ ተሰካ። «ስንት ቀረህ?» አለችው። «አሥራ ስድስት»። «ታዲያ?» «ደብል ስምንት»። ወረወረና አገኘው። እሷም «ጨረስክ!» ብላ ግንባሩን ሳመችው። ልጄ ያን ቀን ስልኩን የት እንዳስቀመጠው እንኳ አያውቅም ነበር።

ልጄ ዛሬ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። ወንድና ሴቱን ያደባልቃል፤ እናቴን «አንተ» ይላታል፣ እሷም ትስቃለች። ማንበብ ገና ነው። እኔም አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ ነኝ። ነገር ግን በሁለቱ ገናዎች መካከል ለንደን ላይ አንድ ሰው 180 ሲመታ እኔ ሳልነግረው ስልኩን አንሥቶ ይደውላል። አዲስ አበባ ያኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል፤ እናቴ ግን አትተኛም፣ ትጠብቀዋለች። «መቶ ሰማንያ እማማ!» ይላታል። «ስንት ቀረው?» ትለዋለች። ከዚያ በላይ የሚሉትን አላውቅም፤ ስልኩን ይዞ ወደ ኋላ ክፍል ይገባል።

ልጆችዬ፣ አሁን ጥያቄው የእናንተ ነው። 170 ቀርቷችኋል፣ በእጃችሁም ሦስት ቀስት አለ። የመጨረሻዋ ቀስት ደብል ላይ፣ ወይም 50 ላይ ማረፍ አለባት። በሦስቱ እንዴት ትጨርሳላችሁ? መልሱ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ስታገኙት ለእኔ አትላኩ። ለአያታችሁ ደውሉና በአማርኛ ንገሯቸው።